ከሰል የተቀበረበት ድንበር

የገሳዩ ሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር የሚያስገባውን የመጨረሻ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ ሲወጣ፣ በጣሪያው ላይ የታሰረው የዋንዛ በር በነፋስ እየተነሣ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። በመታ ቁጥር ፈንታነሽ ከወንበሯ ብድግ ትላለች።

«ተቀመጭ እንጂ እናቴ» አላት ሾፌሩ በመስተዋቱ እያያት። «በሁለት ገመድ ያሰርሁትን በር ነፋስ አይወስደውም።»

«ቢወስደውስ?»

«ቢወስደውማ በወደቀበት ቤት ሠርተሽ ትገቢበታለሽ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ፈንታነሽ ግን የሳቅ ልብ አልነበራትም። በዚያ ጧት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የገሳይ ቤቷን ቁልፍ ለገዥው አስረክባለች። በሩን ግን አልሸጠችም። ሟች ባሏ በገዛ እጁ ጠርቦ የሠራው ነውና «በሩ የሻጭ ነው» የሚል ቃል በውሉ ላይ አስጽፋ፣ ገዥው በምትኩ የቆርቆሮ በር እስኪገጥም ጠብቃ አስነቀለችው። እንግዲህ የቀድሞው ቤት የእሷ አይደለም፤ የደብረ ታቦሩ ቤት ስምም ገና አልዞረላትም። በሁለት ቤት መካከል በእጇ የቀረው አንድ በር ነበር።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ወሩም ታኅሣሥ። በዚያ ወራት ስለ ከተማ ቦታ አዲስ አዋጅ ወጥቷል የሚለው ነገር ከቢሮ ወደ ጠላ ቤት፣ ከጠላ ቤት ወደ ገበያ ወርዶ፣ ሰው ሁሉ ያላነበበውን አዋጅ ለጎረቤቱ ይተረጉም ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ እንኳ ሦስት ትርጓሜ ነበር። ከፊት የተቀመጠው ነጋዴ «ከሰኞ ወዲያ ነባር ይዞታ የሚባል ነገር የለም» ይላል። ከኋላው ያለች መምህርት «ነባሩ እንደ ነባርነቱ ይቆያል፤ የሚነካው የሚሸጠው ነው» ትላለች። አንድ ባለ ጋቢ ሽማግሌ ደግሞ «ይህ ለአዲስ አበባ የወጣ ነው፤ እኛን ማን ያስታውሰናል?» ብለው ደመደሙ። ፈንታነሽ ሦስቱንም አዳመጠች፤ ሦስቱንም አመነች፤ ከመኪናው ስትወርድም ራሷ ዞሮባት ነበር።

የገዛችው ቤት በድንኳን ሰፈር ነው። ድንኳን ሰፈር ከከተማው አሮጌ መንደሮች አንዱ ሲሆን፣ ከላይኛው አስፋልት እስከ ታችኛው ወንዝ ድረስ በቁልቁለቱ ላይ የተደገፈ፣ የድንጋይ አጥሩ ከአጥር፣ የጭቃ ግድግዳው ከግድግዳ የተጣበቀ፣ የቆርቆሮው ዝገት ከሩቅ ሲያዩት ቀይ አፈር የመሰለ ሰፈር ነው። ሻጩ አቶ ዘውዱ ሙላቴ ይባላሉ። አባታቸው ግራዝማች ሙላቴ በጊዜያቸው በቅሎ የሚያስጭኑ፣ ካባ የሚደርቡ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ግን በጡረታ የሚኖሩ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ረጅም ካፖርት በክረምትም በበጋም የማያወልቁ አጭር ሽማግሌ ናቸው።

የተከራየችው ባጃጅ በሩን በጎን አጋድሞ ከግቢው አፍ ሲያደርሳት፣ ይጠብቋት የነበሩት አራት ሰዎች ነበሩ። አቶ ዘውዱ ቆመዋል። የሰፈሩ አንጋፋ አለቃ ጌጡ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። የመሬት ቀያሹ ደረጄ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሜትሩንና እንደ ሬዲዮ አንቴና ያወጣች ቢጫ የጂፒኤስ መሣሪያውን ይዞ ሰማዩን ያያል። አራተኛዋ የወደፊት ጎረቤቷ ወይዘሮ እመቤት ጥላዬ ናቸው፤ የባላምባራስ ጥላዬ ልጅ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ቁመተ ረጅም ሴት። እሳቸው ከገዛ አጥራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

የባጃጁን ድምፅ ሲሰሙ ግን ዘወር አሉ።

«ምነው ዘውዱ» አሉ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «ሰዎች ቤት ይገዙና በር ያሠራሉ። ይህችኛዋ በር ይዛ ቤት ፍለጋ መጣች?»

«ቤቱማ አለ፣ እመቤት። ይኸው ቆሟል።»

«መቆሙንማ ቆሟል። መውጫው ነው እንጂ የእኔ።»

ፈንታነሽ በሩን ከግድግዳው አስጠግታ አቆመችና ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች። «እንደምን አደራችሁ? እትዬ፣ መውጫው የእርስዎ ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

የመለሰላት ደረጄ ነበር። አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጠ የሚናገር ሰው ነው።

«ነገሩ እንዲህ ነው፣ እትዬ። የገዙት ቤት በሦስት ወገን በሰው ግድግዳ ተከቧል። የሚወጣበትና የሚገባበት በዚህ በኩል ብቻ ነው።» በእጁ አመለከተ። በቤቱና በወይዘሮ እመቤት አጥር መካከል ወርዱ አራት እርምጃ የሚሆን፣ ከአስፋልቱ ተነሥቶ እስከ ታችኛው የእግር መንገድ የሚዘልቅ ቦታ አለ። በሁለቱም ጫፍ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በላይኛው ጫፍ ብቻ ሰው አጎንብሶ የሚያልፍባት ትንሽ መግቢያ አለችው። «አቶ ዘውዱ ቦታው የእኔ ነው፣ ድንበሩ ከአጥሩ ሥር ነው ይላሉ። ወይዘሮ እመቤት የእኔ ነው፣ ድንበሩ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ነው ይላሉ። ሁለቱ ተስማምተው ካልፈረሙ ንድፍ አልሠራም። ንድፍ ከሌለ ስም አይዛወርም።»

«እሺ፤ ዛሬ ባይስማሙ ነገ ይስማሙ ይሆናል።»

«ዛሬ ዓርብ ነው። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከገባ እንቀበላለን። ከሰኞ ጀምሮ መመሪያ እስኪመጣ ምንም አትቀበሉ ተብለናል።»

«መመሪያው መቼ ይመጣል?»

ደረጄ ትከሻውን አነሣ። «እኔም አላውቅም።»

ፈንታነሽ ቦታውን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ውል ስትዋዋል አቶ ዘውዱ ቦታውን በካፖርታቸው እጅጌ እያመለከቱ «ከዚህ እስከዚያ» ብለዋት ነበር። ያ «ዚያ» የት እንደሆነ መጠየቅ አልታሰባትም፤ በገሳይ እርሻ ሲሸነሸን ወሰኑን የሚነግር ቦይ አለ፣ ቅጥር አለ፣ የበሬ ትልም አለ። እዚህ ግን ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ጥቁር አፈር ነው።

አቶ ዘውዱ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «ጭቅጭቅ ለምን አስፈለገ? አባቶቻችን ጽፈውልን ሞተዋል። አለቃ ያንብቡት።»

አለቃ ጌጡ መነጽራቸውን ሸማቸው ላይ ጠርገው፣ ድምፃቸውን እንደ ቅዳሴ ከፍ አድርገው አነበቡ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። እኔ ግራዝማች ሙላቴና እኔ ባላምባራስ ጥላዬ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ወደንና ፈቅደን ድንበራችንን ለየን። ከእልፍኙ ግድግዳ ሰባት ክንድ ተለክቶ ድንጋይ ተተከለ፤ ከድንጋዩም ሥር ከሰል ተቀበረ። ይህን ያፈለሰ ርግመተ አበው ይድረሰው። መጋቢት ዐሥር ቀን፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት።»

«ሰባት ክንድ!» አሉ አቶ ዘውዱ። «ከግድግዳው ሰባት ክንድ ስትለካ አጥሯ ሥር ትደርሳለህ። አለቀ።»

«በማን ክንድ?» አለ ደረጄ።

አቶ ዘውዱ የራሳቸውን ክንድ ዘረጉ።

«ክንዱን ተወው» አሉ ወይዘሮ እመቤት። «ግድግዳው የታል? የግራዝማች እልፍኝ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ፈርሷል። ዘውዱ አሁን የምታየውን ቤት ሲሠራ ወደ እኔ ሰባት ክንድ ገፍቶ ሠራው። እልፍኙ ወደ ውስጥ ነበር።»

«አልገፋሁም! በመሠረቱ ላይ ነው የቆምሁት!»

«ወታደር ሆነህ ከሐረር በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣህ በየትኛው ዓይንህ መሠረቱን አየህ? ግንበኛው ባቆመበት ቆምህ እንጂ።»

«ድንጋዩስ?» አለች ፈንታነሽ። «የተተከለው ድንጋይ የት ሄደ?»

ለዚህ ጥያቄ አለቃ ጌጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀበሌው አዳራሽ ሲያሠራ፣ በዘመቻ ድንጋይ አምጡ ሲባል፣ በሰፈሩ ያለው ድንጋይ ሁሉ ተለቅሞ ሄደ። እኔም ሁለት አምጥቻለሁ፤ ከየት እንዳነሣኋቸው ግን አላስታውስም።» በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «አይዟችሁ። አባቶች ይህን ቀድመው ያውቁ ነበር። ሰው ይሞታል፤ ድንጋይ ይነቀላል፤ እንጨት ይበሰብሳል። ከሰል ግን ሺህ ዓመት ቢቀበር አፈር አይሆንም። ከሰሉ ያለበትን ቆፍረን ስናገኝ፣ ግራዝማችም ባላምባራስም ከመቃብር ተነሥተው የመሰከሩ ያህል ነው።»

ደረጄ ቢጫ መሣሪያውን አጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤት አልተማረም፤ ነገር ግን ሳይንሱ ትክክል መስሎ ታየው።

ዶማ መጣ። አቶ ዘውዱ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከወይዘሮ እመቤት አጥር ሥር ሦስት ጊዜ መትተው ትንፋሽ አጠራቸው። ፈንታነሽ ዶማውን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ጋሼ፣ ይስጡኝ። እኔ ለምጃለሁ።»

ነጠላዋን በወገቧ አሸንፍጣ ቆፈረች። አፈሩ በላዩ ውርጭ የነካው ደረቅ ነበር፤ ከሥሩ ግን ለስላሳ። ወይዘሮ እመቤት በርጩማቸውን አቅርበው ከራስጌዋ ተቀመጡ።

«በገሳይ ሆቴል ነበረሽ አሉኝ።»

«ሆቴል እንኳ አይባልም፣ እትዬ። አራት አልጋና አንድ ምግብ ቤት።»

«እዚህስ ምን ልትከፍችበት ነው? መሸታ ቤት?»

ፈንታነሽ ቀና አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቤቴ ሰው ሲገባና ሲወጣ ኖሬያለሁ። በሌሊት ሾፌር ያንኳኳል፤ በጧት ነጋዴ ያንኳኳል። ባሌ ታሞ የተኛ ዕለት እንኳ በሩን አልዘጋሁም። አሁን የምፈልገው በሬን ዘግቼ መቀመጥ ነው። ሌላ ነገር የለኝም።»

ይህን ብላ ዶማውን መልሳ አነሣች። አንድ ክንድ ያህል ሲገባ ድምፁ ተለወጠ። ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ በእጇ ጠረገችው። ጥቁር፣ ቀላል፣ ጣት የሚያጠቁር ነገር ነው።

«ከሰል!» አሉ አቶ ዘውዱ። «ይኸው! አባቴ ተናገረ!»

አለቃ ጌጡ አማተቡ። ደረጄ ወረቀቱን አወጣ። ፈንታነሽ ከጉድጓዱ አፍ በጉልበቷ እንዳለች ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

ወይዘሮ እመቤት ከርጩማቸው አልተነሡም። «ደግ። አሁን ደግሞ እኔ በምላችሁ ቆፍሩ።»

«ለምን? ተገኘ እኮ!»

«አባቴም አባት ነበር፣ ዘውዱ። የእሱንም ምስክር ስሙ።»

ፍትሕ ነውና እንቢ የሚላቸው አልተገኘም። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተቆፈረ። አንድ ክንድ ሳይሞላ ከሰል ተገኘ።

አምስቱም ሰዎች ሁለቱን ጉድጓዶች እያፈራረቁ ተመለከቱ። ከአንዱ እስከ ሌላው አራት እርምጃ ነው። አቶ ዘውዱ የሁለተኛውን ከሰል አንሥተው አሸተቱት፤ ከሰል እንዲህ ሲሸተት የእውነትና የሐሰት ልዩነት ያለው ይመስል። ፈንታነሽ ዶማውን አነሣችና ማንም ሳያዝዛት በሁለቱ መካከል መታች። በመካከልም ከሰል አለ። ወደ ታች ወርዳ ድንበር ሊሆን በማይችል ስፍራ፣ ከተጣለ የጎማ ክምር አጠገብ ቆፈረች፤ እዚያም አለ። እንዲያውም በዚያ የበዛ ነበር፤ አመድ፣ የተቃጠለ አጥንት፣ የገንቦ ስባሪ።

«ምንድን ነው ይሄ ነገር?» አለ ደረጄ። «ሰፈሩ ሁሉ ድንበር ነው?»

አለቃ ጌጡ ያን ጊዜ ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው የተገላመጠ ሰው ፊት መሰለ። «ድንኳን ሰፈር እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በራሶቹ ዘመን ጦር ሲሰፍር ድንኳኑ የሚተከለው በዚህ ቁልቁለት ነበር። ስንት ሺህ ሰው ስንት ክረምት ሙሉ እሳት ያነደደበት መሬት ነው። አያቴ ነግረውኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንዴት አሁን ረሳሁት?» ከዚያም ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያህል፦ «ግራዝማችና ባላምባራስስ እንዴት ረሱት? በከሰል ባሕር ውስጥ ገብተው አንድ ጭብጥ ከሰል ለምልክት ይቀብራሉ?»

የሳቀው ደረጄ ብቻ ነበር፤ እሱም ወዲያው አፈረና አቆመ።

ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጾም ስለነበር ማንም እህል አልቀመሰም። አለቃ ጌጡ ተነሥተው መቋሚያቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ የቀረው መሐላ ነው።»

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነበር። ምልክት የጠፋበት ድንበር ሲያከራክር፣ አውቃለሁ የሚል ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ከራሱ ከድንበሩ የተነሣ የአፈር ጓል በትከሻው ተሸክሞ፣ በእግዚአብሔር ስም ከምሎ በኋላ ወሰኑን ይሄዳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ ወደ ተነሣበት መመለስ አለበት። የረገጠበት ወሰን ይሆናል፤ በሐሰት የረገጠ ግን ያ ጓል በመቃብሩ ላይ ይከብደዋል ይባላል። በዚህ መንገድ የተለየ ድንበር ዳግመኛ በዳኛ ፊት አይነሣም ነበር።

«ዘውዱ፣ አንተ ሻጭ ነህ። ና።»

አቶ ዘውዱ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸው ሁለት ቀዳዳ ነበረበት፤ እሱንም አወለቁ። አለቃ ጌጡ ጓሉን በካፖርታቸው ትከሻ ላይ አኖሩት። ሽማግሌው የአጥሩን ሥር፣ ቀጥሎም ፈንታነሽን፣ ቀጥሎም ጥቁሩን ጉድጓድ አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እግራቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ድንበሩ የተለየ ዕለት ነበርሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ሆኜ። ለሽማግሌዎች በግ ሲታረድ አስታውሳለሁ። ቆዳው ነጭ ነበር። ድንጋዩ የት እንደ ቆመ ግን…» ጓሉን በሁለት እጃቸው አውርደው እንደ እንቁላል በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጡት። «ሁልጊዜ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አላውቅም፣ አለቃ። ይቅር በሉኝ።»

ሻጩ ራሱ የሸጠውን አያውቅም።

«እመቤት?»

ወይዘሮ እመቤት ብድግ ብለው ከጓሉ አጠገብ ቆሙ፤ ቁልቁል አዩት።

«እኔ የማውቀው አባቴ የነገረኝን ነው» አሉ። «አባቴ እውነቱን ይንገረኝ አይንገረኝ አላውቅም። ባላምባራስ ደግ ሰው ነበር። ስለ መሬት ሲናገር ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነበር።»

ደረጄ ሰዓቱን አየ። ሜትሩን ጠቅልሎ፣ «እንግዲያስ ድንበሩ አልታወቀም ብዬ ልጽፍ ነው» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ አዝኖ ነበር።

«ልጄ፣ ቆይ» አለች ፈንታነሽ። «እኔ የት ልሂድ? የገሳዩን ቁልፍ አስረክቤያለሁ። ዛሬ ማታ የት ልደር ነው?»

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ወይዘሮ እመቤት ናቸው፤ የተናገሩትም ማንም ያልጠበቀውን ነው።

«እሷ ትሂድ።»

«ማን?» አሉ አለቃ።

«ይቺ የገሳይዋ። ጓሉን ተሸክማ እሷ ትሂድ።»

«እመቤት፣ ዛሬ ጧት የመጣች ሴት ምኑን አይታ ትምላለች?»

«አትማል። ትሂድ ብቻ። እኔና ዘውዱ የምናውቅ እየመሰለን ስንዋሽ ኖረናል። እሷ ምንም አታውቅም። ምንም የማያውቅ ሰው እንዴት ይዋሻል? በረገጠችበት እፈርማለሁ።»

አለቃ ጌጡ ጢማቸውን ያዙ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው እንዲህ ያለ ነገር አልሰሙም፤ የሚከለክል ቃል ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላስታወሱም። አቶ ዘውዱ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው «እኔም እፈርማለሁ፣ እፈርማለሁ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ የሦስት ትልልቅ ሰዎች ዕውቀት ያልፈታው ነገር፣ ምንም በማታውቀው ሴት ትከሻ ላይ ተጫነ።

ፈንታነሽ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀች። ጓሉ ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነበር፤ ቅዝቃዜው በነጠላዋ አልፎ ተሰማት። ከላይኛው ጫፍ ተነሣች። ወደየት እንደምትሄድ ማንም አልነገራትም፤ ማንም እንዳይነግራት ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ።

መጀመሪያ ወደ ወይዘሮ እመቤት አጥር ተጠጋች። ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ከዚህ ብትሄድ አራቱም እርምጃ የእሷ ነው። በአጥሩ ሥር ወረደች። ከመንገዱ እኩሌታ ስትደርስ ግን በአጥሩ መካከል ትንሽ የጓዳ በር አየች። ከበሩ ፊት ከረገጣ ብዛት የተቦረቦረ አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከጎኑ የተከመረ እንጨት አለ፤ ከበላዩ ያለው ግድግዳ በጢስ ጠቁሯል። ድንበሩ በእግሯ ሥር ከሆነ፣ ይህች አሮጊት ከጓዳዋ አንድ እግር ባወጣች ቁጥር የሰው መሬት ልትረግጥ ነው። ፈንታነሽ ልታቆም ፈለገች፤ መቆም ይፈቀድ እንደሆነ ግን አላወቀችም። ስለዚህ ሄደች።

ከታችኛው ቆርቆሮ ደርሳ ዞረች። ጓሉ የቀኝ ትከሻዋን ስለቆረጣት ወደ ግራው አዛወረችው። ስትመለስ እግሯ ወደ ቤቱ ግድግዳ አደላ። ዓላማ ነበረሽ ወይ ብለው ከዓመታት በኋላ ሲጠይቋት፣ «እኔ እንጃ፤ ግድግዳውን ልደገፍ ፈልጌ ይሆናል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም። በገዛ ቤቷ ግድግዳ ሥር፣ በእጇ ጭቃውን እየዳሰሰች፣ እስከ ተነሣችበት ወጣች።

ጓሉን ስታወርድ ሁሉም ወደ መሬቱ አዩ። ቆፍራ በበተነችው ልል አፈር ላይ የባዶ እግሯ ፋና በግልጽ ይታያል፤ በአጥሩ ሥር የወረደ አንድ መስመር፣ በግድግዳው ሥር የወጣ ሌላ መስመር።

«የትኛውን ላስምር?» አለ ደረጄ።

«የመጀመሪያውን ነዋ!» አሉ አቶ ዘውዱ።

«የለም፣ መሐላ የሚጸናው ሲመለሱ ነው» አሉ አለቃ ጌጡ።

«አልማለችም እኮ!»

«አልማለችም፤ ግን ተመልሳለች!»

«አለቃ፣ እንደዚያ ከሆነ መውጫ አይኖራትም!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲሄድ ፈንታነሽ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። ወይዘሮ እመቤት ግን አንዴ ፋናውን፣ አንዴ የጓዳ በራቸውን አዩና በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«ሁለቱንም አስምር» አሉ ለደረጄ።

«ሁለቱንም? በመካከል ያለው የማን ይሆናል?»

«የማንም አይሁን።»

«የማንም የሚባል በቅጹ ላይ የለም፣ እትዬ። ወይ የግል ነው፤ ወይ መንገድ ነው።»

«እንግዲያው መንገድ በለው።»

ፈንታነሽ ወደ ቀያሹ ቀረበች። «መንገድ ከሆነ መውጫ አለኝ?»

«አለዎት።»

«ማንም አይዘጋብኝም?»

«ማንም አይዘጋም። እርስዎም ቢሆኑ አይዘጉም። በሁለቱም ጫፍ ያለው ቆርቆሮ ዛሬውኑ መነሣት አለበት።»

እሷ የሰማችው «ማንም አይዘጋም» የሚለውን ብቻ ነበር። አቶ ዘውዱ ፈረሙ፤ ወይዘሮ እመቤት የባላምባራስ ልጅ ነኝና በጣት አልፈርምም ብለው ስማቸውን እስከ አያታቸው ጻፉ፤ አለቃ ጌጡ በምስክርነት ከፈረሙ በኋላ ከሰል የነካ እጃቸው በወረቀቱ ጥግ ላይ ጥቁር አሻራ ጣለበት። ደረጄ በባጃጅ ገሰገሰ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወደ አቶ ዘውዱ ኖኪያ ስልክ ደወለ። ገብቷል። ተመዝግቧል።

አቶ ዘውዱ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው የላይኛውንም የታችኛውንም ቆርቆሮ በገዛ እጃቸው ነቀሉ። ከዚያም ቁልፉን ለፈንታነሽ ሰጥተው፣ ቤቱን ወደ ኋላ ሳያዩ ከአለቃ ጋራ ወጡ።

ፈንታነሽ ከግድግዳዋ ሥር፣ ገና ካልተገጠመው በሯ አጠገብ ብቻዋን ቆመች። ፀሐይ በምዕራብ ገና አልጠለቀችም። አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ከአስፋልቱ ገባና «እንደምን ዋልሽ?» ብሎ በፊቷ አልፎ ወደ ታች ወረደ። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው፤ ሊጠይቃት የመጣ ጎረቤት መስሏት። ወዲያው ቅርጫት የያዙ ሁለት ሴቶች ከታች ወጡ። «ደግ አደረጋችሁ» አለች አንዷ ሳትቆም፤ «እስከ ዛሬ በድልድዩ ዞረን ነበር የምንሄደው።» ከእነሱም ኋላ ሌሎች ነበሩ። ወሬ በድንኳን ሰፈር ከባጃጅ ይፈጥናል።

ወይዘሮ እመቤት በጓዳቸው በር ብቅ ብለው በደረጃቸው ላይ ቆሙ።

«ይሄ ገና ነው» አሉ። «ነገ የቅዳሜ ገበያ ነው።»

«እትዬ እመቤት» አለች ፈንታነሽ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እኔ አሁን ምንድን ነው የገዛሁት?»

አሮጊቷ የሚያልፈውን ሰው፣ ያልተደፈኑትን ጥቁር ጉድጓዶች፣ ቀጥሎም የእሷን ፊት አዩ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። እኔም ሰባ ዓመት ኖሬበት አላወቅሁትም።»

በዚህ መካከል ገብስ የጫነች አህያ ከላይኛው ጫፍ ገባች። ባለቤቷ ከሩቅ አገር የመጣ ገበሬ ነበር፤ ቦታው ግራ ገብቶት ጅራፉን ወደ ታች አመለከተ።

«እናቴ፣ በዚህ ያስወጣል?»

ፈንታነሽ ቁልቁል አየች። በባዶ እግሯ ወርዳዋለች፤ በባዶ እግሯ ወጥታዋለች።

«ያስወጣል» አለች፤ አህያዋንም ልታሳልፍ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። «ጉድጓዶቹን ብቻ ተጠንቀቅ።»